እትዬ ተይዟል

እስቲ ያንን ወንበር ተመልከቱት። ከመስኮቱ ሥር ያለውን። ሰው የለበትም። መደገፊያው ላይ ግን ቡናማ ሹራብ ተሰቅሏል፤ ከኋላ ሲያዩት አንገቱን ደፍቶ የሚያነብ ሰው ይመስላል።

ቦታ ያዥ የሌለበት ኮሌጅ በምድር ላይ የለም። ሰው ቆሞ ያነባል፣ ጃንጥላ ተቀምጦ ያርፋል! የዚህኛው ምድር ቤት ንባብ ክፍል ገዢ፣ ራሷም ተማሪ፣ ክብርት እትዬ ተይዟል ትባላለች፤ የእናት የአባቷን ስም የሚያስታውስ የለም። በጃንጥላ ትይዛለች፣ በአንድ እግር ጫማ ትይዛለች፣ በተገመጠ ዳቦ ትይዛለች። አንዴ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሊቆጣት መጥቶ አረፍ ሊል ሲል፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ተይዟል» አለችው። ቆሞ ተቆጥቶ፣ ቆሞ ሄደ።

አዲሷ ተማሪ ይህን አታውቅም። ከተማው ውስጥ አንድም የምታውቀው ሰው የለም፤ የተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ብቻዋን ስታነብ የገዛ ትንፋሿ ይረብሻታል። ሰው ፍለጋ ንባብ ክፍሉ ገባች። ክፍሉም ቢሆን አያጽናናም። ግማሹ ከመሬት በታች ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ጫማዎች ይመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ፤ ፊት የላቸውም። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የውሃ ቧንቧ አልፎ አልፎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሹራቡን ገፋ አድርጋ ልትቀመጥ ስትል፣ የሚገለጠው ገጽ ሁሉ ቀጥ አለ።

«ተይዟል።»

«ሰው እኮ የለም።»

«ስለሌለ ነዋ የተያዘለት!»

የክፍሉ ሰዎች ምሰሶው የሚሉት ረጅም ልጅ ከሹራቡ አጠገብ ያለውን ቦታውን ለቀቀላት። «እዚህ ሁኚ፤ እሱ አይረብሽም» አላት።

እሱ! አዲሷ ሰውነቷን ነዘራት። ግን የት ትሂድ? ጎረቤቷ ሹራብ ሆነ። እትዬ ተይዟል ጠዋት ጠዋት ትከሻውን ታስተካክልለታለች። «ዛሬም ቀደምከኝ?» ትለዋለች። የሚስቅ የለም። አዲሷ እብዶች መሃል የወደቀች እየመሰላት፣ ሳታውቀው ለመደቻቸው። ምሰሶው ሒሳብ ያስረዳታል፤ ሲስተር የሚሏት አንዲት የነርስነት ተማሪ ደግሞ ቤቷ በር ድረስ እያወራች ትሸኛታለች።

አንድ ቀን ሲስተርን በሹክሹክታ ጠየቀቻት። «ሹራቡ የማን ነው?»

«የጓደኛችን። እዚያ ነበር የሚያነበው፤ እንዳንቺ ብቻውን ተከራይቶ ይኖር ነበር። ታመመና ቤቱ ተኛ። አከራዮቹ ትምህርት ላይ ነው አሉ፣ እኛ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል አልን፣ መምህሩ ቀሪ ብሎ አለፈው። በሩ ሲሰበር ረፍዶ ነበር።»

ቀሪ ብሎ አለፈው! ትሰማላችሁ? ሰው ከመካከላችሁ ሲጎድል የታያችሁ ነገር ቢኖር የተገኘው ወንበር ነው፤ እሰይ ብላችሁ ተቀመጣችሁበት። እትዬ ተይዟል ግን እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ሰው ዝም ብሎ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲወጣ አዲሷ ወደቀች። ለማንም ሳትናገር ወደ ቤተሰቦቿ ልትመለስ ሻንጣዋን ዘጋች። የእናቷን ፊት ስታስበው ግን አልጋዋ ላይ ወድቃ ቀረች። መብላቱን ተወች። ቀኑ ሲነጋም ሲመሽም አንድ ሆነባት።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። ከአልጋዋ አልወረደችም። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሁለት እግር ጥላ ቆሟል። አይሄድም።

«ማነው?»

«ወንበርሽ ተይዟል» አለ ድምፁ።

«ልቀቁት! አልፈልገውም!»

«በጩኸት አይለቀቅም፣ የኔ እህት።»

ጥላው በዛ። ሌላ እግር መጣ፣ ደግሞ ሌላ፤ ብርሃኑን ከነጭራሹ ጋረዱት። አዲሷ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ዝቅ አሉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ሲቀመጡ ተሰማት። ጥቂት ቆይቶ ገጽ ሲገለጥ ሰማች። እያነበቡ ነው!

«ምሰሶው፣ እግርህን ሰብስብ እንጂ!»

«የት ልውሰደው እትዬ፣ ልቁረጠው?»

አዲሷ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ግድግዳውን እየያዘች ተነስታ ከፈተች። ሲስተር ዘላ ግንባሯን ዳሰሰቻት። እትዬ ተይዟል ግን ከወለሉ አልተነሳችም። ያቺ ኃላፊውን አቁማ የመለሰች ሴት ከንፈሯ ደርቋል፤ ስታነበው የቆየችው መጽሐፍ እጇ ላይ ተዘቅዝቋል።

«ምን በላሽ?» አለቻት።

እንዲህ ያለችውን ጨቅጫቃ፣ ወንበር በላ አምባገነን ፈጣሪ ያብዛልን! እናንተስ? ሰሞኑን ያላያችሁት አንድ ሰው አለ፤ ይኸው አሁን መልኩ መጣባችሁ። እባካችሁ ተነሱና በሩን አንኳኩ፤ ዝም ቢላችሁም አትመለሱ።