የሞባይሏ ነፋስ

የእኛ አገር ሰው ብዙ ነገር አይፈራም። ሦስት ሰው በሚጭን ባጃጅ ሰባተኛ ሆኖ ይሳፈራል፤ የጎረቤቱን መድኃኒት ተውሶ ይውጣል፤ የመብራት ሽቦ በጥርሱ ልጦ ይቀጥላል። ነፋስ ግን ይፈራል። ከሞጣ ወደ ደጀን በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ስድሳ ሰው፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎችና ክዳኑ የላላ የቅቤ ቅል አብረው ታፍነው ሲጓዙ ማንም ምንም አይልም። አንዱ ምስኪን መስኮቱን ጣት በምታህል ክፍተት ገርበብ ያደረገ ዕለት ግን «ዝጋው! ሰው ልታስመታ ነው እንዴ?» የሚል ጩኸት ከፊትም ከኋላም ይነሣል። የሚመታው ማን ነው? ነፋሱ ነዋ! እኔም ብሆን፣ የተማርኩ ነኝ እያልኩ፣ አንገቴን ያመመኝ ቀን መጀመሪያ የምጠረጥረው መስኮት ነው።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ቢቸና ውስጥ የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ከቤንዚን ሰልፍ ብገላገል ብዬ ለዓመታት ያጠራቀምኩትን አፈሰስኩባት። አዲስ አበባ ያለው ደላላ «አንዲት ሐኪም ናት የነዳቻት፤ ያውም ከቤት ሆስፒታል ብቻ» ብሎ ማለልኝ። ይቺ ሐኪም ስንት መኪና እንደነዳች እግዜር ይወቀው፤ ያነጋገርኳቸው ደላሎች ሁሉ የሚሸጡት የእሷን ነበር። ቢቸና ስገባ የባጃጅ ልጆች ግድግዳ ላይ ተሰክታ ስትሞላ አይተው «ሞባይሏ» ብለው ስም አወጡላት። ሰላምታቸውም «ስንት ፐርሰንት ቀራት?» ሆነ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ኤሲዋ፣ ያ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ፣ ሙቅ ትንፋሽ ይተነፍስብኝ ጀመር። ሞጣ ውስጥ ይበልጣል የሚባል መካኒክ አለ። ሚኒባስ በመጠገን እጁ የተመሰከረለት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን የእኔዋ የመጀመሪያው ነበረች። ይህን ያልነገረኝ እንዳልደነግጥ አስቦልኝ መሆን አለበት። ጋዝ ሞላ፣ ለሚኒባሶቹ የሚጠቀምበትን ዘይት ጨመረ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ወጣ፣ ተሳስቀን ተለያየን። በሳምንቱ ኮምፕረሰሩ፣ ኤሲውን የሚያሠራው ሞተር፣ ተቃጠለ። ለካ የእሷ ዘይት ሌላ ኖሯል! ይበልጣል ትምህርት ቤት የረፈደበት ተማሪ መስሎ «ዘይት መቼም ዘይት ነው ብዬ ነው» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? አዲሱ ኮምፕረሰር የሚመጣበትን ዋጋ ሲነግረኝ ደግሞ ዐይኔ ጨለመ። ሁለት የእርሻ በሬ ተሸጦም የሚሞላ አልነበረም። እናቱ ይበልጣል ብለው ስም ያወጡለት ዋጋ ሲጠራ ታይቷቸው ይመስለኛል።

ተውኩት። ቢቸና ብርድ ነው፣ ሞጣም ብርድ ነው፤ በብርድ አገር ቀዝቃዛ ነፋስ ምን ይሠራልኛል? ይበልጣል ግን አስጠንቅቆኛል። «ጋሼ፣ ኤሲው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ባትሪዋንም የሚያበርድላት እሱ ነው። ዓባይ በረሃን በዚህ ሁኔታ እንዳይወርዱባት» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ ሞጣ ዳር ባለች ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ነበሩ ማለት አለብኝ፤ አፌ ገና አልለመደውም። እኛ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምንላቸው። ልባቸውን ስለሚያማቸው አዲስ አበባ ሐኪም ይከታተላቸዋል። የቀደመው ቀጠሮ መንገድ ተዘግቶ አልፏቸው ነበር፤ ሐኪሙም በስልክ «አሁን ደግሞ እንዳይቀሩ፤ ልባቸው ጊዜ አይሰጥም» ብሎኛል። ጎረቤቶች በአውቶቡስ ይሂዱ ሲሉ እኔ ደረቴን ነፍቼ «መኪና ያለው ልጅ እያላቸው የእኔ አባት በአውቶቡስ?» አልኩ። ይቺን ንግግሬን ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከሞጣ አምጥቼያቸው እኔ ቤት አድረው፣ የቀጠሮው ዋዜማ ረፋድ ላይ ከቢቸና ተነሣን። ሞባይሏ ጢም ብላ ሞልታለች። የኔታ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ ተቀመጡ። የኔታ እንደ ሕፃን እያንዳንዱን ቁልፍ እየነኩ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው ይሉኛል። ኤሲው ላይ ሲደርሱ «ቀዝቃዛ ነፋስ የሚያመጣ ነው» አልኳቸው። አይሠራም አላልኩም። እማዬ ከኋላ «ነፋስ? ለበሽተኛ? እንዳታስነሣው!» አለች። እኔም ታዛዥ ልጅ መስዬ የሞተውን ማሽን ጠቅ አድርጌ «በቃ፣ አጠፋሁት» አልኳት።

ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ስንወርድ ባትሪው እየጨመረ ሄደ። ቁልቁለት ላይ ራሷን በራሷ ትሞላለች ብዬ ፎከርኩ። የኔታ ትንሽ አሰቡና «ስትወርድ የምትጠግብ፣ ስትወጣ የምትራብ! ሹመት አታውቅም ማለት ነው» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። አብረን የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ ያ ነበር።

ድልድዩን ተሻግረን አቀበቱን ስንጀምር ሙቀቱ ከላይም ከታችም መጣ። ብዙም ሳንርቅ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ቢጫ ኤሊ በራች። ባትሪዋ ሲግል መኪናዋ ጉልበቷን ትቀንሳለች፤ ምልክቱም ኤሊ ነው። ሲያላግጥብን እኮ ነው፣ ይህን የሠራ ሰው! ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ሳይቀሩ ጥሩምባ እየነፉ አለፉን። በደኅናው ቀን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ አቀበት ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

የኔታ ላብ አጠመቃቸው፤ ትንፋሻቸውም አጠረ። መስኮቱን ከፈትኩ። እማዬ «በላብ ላይ ነፋስ! አባትህን ልትገድል ነው?» ብላ ጮኸች፤ የኔታም በእጃቸው ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት። አዎ፣ መጽሐፍ የማነበው ሰውዬ፣ እኔ፣ ዘጋሁት። ሲጨንቀኝ ምናልባት ትንሽ ቢያበርድ ብዬ ማራገቢያውን ለቀቅሁት። የወጣው ወላፈን ነው። እማዬ የምታየው የየኔታ የነጠላ ጫፍ ሲርገበገብ ነውና «አስነሣኸው! ኸረ አጥፋው!» እያለች ታለቅሳለች።

የኔታ ግን መዳፋቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠጉና ነፋሱን ለኩት። ቀና ብለው አዩኝ። ተማሪ ቅኔ ሲያበላሽ እንደሚያደርጉት ፈገግ አሉና፣ እማዬ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዚህ ነፋስ ሰሙ ብርድ ነው፤ ወርቁ ግን እሳት ነው» አሉኝ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው «አይዞህ፣ ሰሙን ለእናትህ ተውላት» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ኤሊዋ ጎሐ ጽዮን ጤና ጣቢያ በር ላይ ስትደርስ የኔታ ቀድመዋት ሄደው ነበር።

ለቅሶው ሞጣ ሆነ። እማዬ ለመጣው ሁሉ «ያ ኤሲ የሚሉት ነፋስ መታብኝ! ልጄስ ምን ያድርግ፣ የሚያስታግሳቸው መስሎት ነው» እያለች ታስረዳለች። ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጣል። ጡረታ የወጣው የሳይንስ አስተማሪ እንኳ «ሰው ሠራሽ ነፋስ ከተፈጥሮው ይብሳል» ብሎ አጸደቀላት። ድንኳኑ ጥግ ላይ ይበልጣል ተቀምጧል። ኤሲው የማይሠራ መሆኑን ከሟቹ ሌላ የምናውቀው እኔና እሱ ነን። አየኝ፣ አየሁት፣ ሁለታችንም አቀረቀርን።

ልናገር? «እማዬ፣ ነፋሱ አልገደላቸውም፤ ነፋሱ አይሠራም ነበር» ብላት የሚከተለው ጥያቄ «ለምን አላሠራኸውም?» ነው። ለዚያ መልስ አለኝ፣ ግን በእናት ፊት የሚባል አይደለም። ሰሙን ተውኩላት።

ከዐርባው በኋላ ኮምፕረሰሩን አስመጣሁ። በሬ ሸጥኩ እንዳልላችሁ በሬ የለኝም፤ ከሁለቱ የፎቶ ኮፒ ማሽኖቼ አንዱ ሄደ። ይበልጣል ትክክለኛውን ዘይት በብልቃጥ ይዞ፣ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብቦ አስገባው። የእጁን ዋጋ ብሰጠው ዐይኑ እንባ አቅርሮ አልቀበልም አለኝ።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ደብረ ሊባኖስ ልሳለም ብላኝ አብረን ወረድን። የተቀመጠችው ከፊት፣ እሳቸው ቦታ ላይ ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ ሙቀቱ ሲያፍነን ቁልፉን ጠቅ አደረግሁ። ምን የመሰለ ቅዝቃዜ መጣ መሰላችሁ! እንዲህ ሆኖ ቢሆን ኖሮ እያልኩ መንገዱ ደበዘዘብኝ። እማዬ ጥቁር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን በመዳፏ ከደነችና «አጥፋው ልጄ፤ እሳቸውን በልቶ አልጠገበም፣ አንተንም እንዳይወስድብኝ» አለችኝ።

«እሺ እማዬ» ብዬ አጠፋሁት፤ በዚህኛው ጊዜ የምሬን ነው። መስኮቶቹም እንደተዘጉ ናቸው። እኔና እማዬ በላብ ተጠምቀን ወጣን። ሞባይሏ ግን፣ እኛ ጋ ቢጠፋም ለባትሪዋ መሥራቱን የማያቆመው አዲሱ ኮምፕረሰር ከሥር እያቀዘቀዘላት፣ ኤሊዋ አንዴም ሳትበራ፣ ያንን አቀበት በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረሰችው።