የጋሼ መኮንን ኦሪጅናል ባትሪ

የበደሉኝ ጋሼ መኮንን ናቸው፤ የተበደልኩት እኔ ነኝ፣ ከእኔ ይበልጥ ደግሞ አንዲት የሁሩሙ ሙሽራ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ «መቼም ሁለቱም ጥፋት አያጡም» እያላችሁ በሽማግሌ አንደበት እንዳታነቡኝ ነው። የለብኝም።

ሰው ካሜራ ሲገዛ ሦስት ሱቅ ይዞራል፣ አማቹን ያማክራል። ባትሪ ሲገዛ ግን ማሸጊያው ላይ ያለውን ወርቃማ ጽሑፍ አይቶ ይከፍላል። በሬውን ጥርሱን ሳይቀር መርምሮ ቀንበሩን የሚረሳ ገበሬ ማለት ነው። እኔን ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያስተማረኝ መምህር የለም፤ የተጻፈ ነገር ሲያልፈኝ ግን አልወድም፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ከካሜራዬ ጋር የመጣችውንም መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ጨርሻታለሁ። ባትሪን ሙቀት ይፈጀዋል ትላለች። ባዶውን ከከረመ ይሞታል ትላለች። ሥራ ሲጠፋ ግማሽ ድረስ ሞልታችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት ትላለች። ደረቅ ቦታ! የጻፈው ሰው ግድግዳው ሻጋታ የሚያበቅልበትን የመቱን ክረምት አያውቅም። ቢሆንም ባትሪዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ አኖራለሁ፤ በጥፍር ቀለም ቁጥር ጽፌባቸው በተራ አሠራቸዋለሁ።

ያን ዓመት ካሉኝ ሁለት ባትሪዎች አንዷ አረጀችና ጋሼ መኮንን ሱቅ ሄድኩ። የሰጡኝን ብይዛት ቀለለችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ አልቀለለችም?»

«ቀላልነቷ ነው ኦሪጅናልነቷ፣ እትዬ ብዙነሽ!»

ይህን ሰምቼ መግዛቴን ጥፋት ብላችሁ ከቆጠራችሁ፣ እሺ፣ እሷን ቁጠሩብኝ። በቪዲዮ ልቀርጸው የተዋዋልኩት የሁሩሙ ሠርግ ቅዳሜ ነበር፤ በከተማው ሌላ ሻጭ አልነበረም።

መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር እየተሻማሁ ሞላኋት። ሁሩሙ ላይ የቀረችኝ የድሮዋ ባትሪ እስከ ምሳ አገለገለችኝ። ከምሳ በኋላ የሙሽራዋ አባት ሊመርቁ ተነሡ። በሽታ ያደቀቃቸው ሰው ናቸው፤ ሁለት ልጆቻቸው ደግፈዋቸው ነው የቆሙት። ሙሽራዋ ጠዋት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እትዬ፣ ሌላው ቢቀር የአባዬን ምርቃት» ብላኛለች። አዲሷን ባትሪ ከተትኩ፤ ሙሉ ነኝ አለች። ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው «ሆራ» አሉ፣ ተባዙ ማለት ነው። ካሜራዬ ጨለመ። «ቡላ» የሚለው፣ ኑሩ የሚለው፣ ከእሱም ኋላ የመጣው ምርቃት ሁሉ ከቀረጻው ውጭ ቀረ። ያን ጊዜ የዛሬው ዓይነት ስልክ በሰው እጅ የለም። ምርቃት ደግሞ «ይደገምልኝ» አይባል፤ ሰውየውም ደክመው ተቀምጠዋል።

ከድንኳኑ ጥግ አንዱ «ካሜራን ረፌ?» አለ፣ ካሜራው ተኛ ወይ ማለቱ ነው። ተሳቀ። ሙሽራዋ አልሳቀችም። አባቷ ያን ክረምት አልወጡትም።

ሠርጉ ባለፈ ሰኞ ባትሪዋን ጋሼ መኮንን ባንኮኒ ላይ አኖርኩላቸው። እንደ ጠገበ ሆድ ተነፍታለች። ሱቁ በሰው ሞልቷል።

«ፀሐይ አስጥተዋታል?» አሉኝ።

«ምን?»

«እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ነዋ! ከመሥራቷ በፊት ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ እትዬ። የካሜራ ሥራ መቼም የሴት እጅ አይወድም።»

ሙቀት የሚገድለውን ነገር እንደ በርበሬ አስጪው አሉኝ! ያውም በመቱ፣ ፀሐይ እንደ ባለሥልጣን በቀጠሮ በምትገኝበት አገር። የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ሲነካው ትንሽ ነፍስ ይዘራ ነበር፣ አልክድም፤ አባቶቻችን ቆርቆሮ ላይ እየደረደሩ ዜና ሰምተውበታል። ጋሼ መኮንን እዚያው ቆርቆሮ ላይ ቀርተዋል። ግን ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ አዎን እያለ ራሱን ነቀነቀ። ባለ መስታወት ባንኮኒ ኋላ የቆመ ሰው ምን ቢናገር ይታመናል። «የብዙነሽ እጅ ባትሪ ይገድላል» የሚለው ወሬ ከመቱ ሁሩሙ በሚኒባስ ደረሰ፤ መኪና ወደማይበዛበት ዳሪሙ ደግሞ በእግሩ ገባ።

ሁለት ዓመት ሠርግ የጠራኝ የለም። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ እያነሣሁ ከረምኩ፤ ባትሪም ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ። ቀስ በቀስ ሰዉ ተመለሰልኝ።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ መኮንን ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ተቀመጡ፤ ስለ ቡናው ምርት አወሩ፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ያለችኝ አንዲት ልጅ ነች። አደራዎን ያንን ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ባትሪ ይያዙልኝ። የእኔን ሱቅ ዕቃማ ለእንዲህ ያለ ቀን አላምነውም።»

ለእኚህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ሳሰናዳ ኖሬያለሁ፤ ቢጻፍ ደብተር የሚሞላ። ከዚያ ሁሉ አንዲቱን መርጬ አልኳቸው፦

«ጋሼ መኮንን፣ የሁሩሙዋ ሙሽራስ የማን ልጅ መስላዎት ነበር?»