ሰባቱ ባቄላዎች

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ፊደልም እገድፋለሁ፤ ይቅርታ። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በጭንቅ ነው። ግን የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ደበላ የዞናችንን የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ታሪክ በአንድ ደብተር እያሰባሰቡ ነውና፣ የሴቶቹን ሦስት ሺህ ሜትር አንቺ ጻፊው፣ ዙር የቆጠርሽው አንቺ አይደለሽ ወይ አሉኝ።

በሩጫ ሜዳ ሰው ሁሉ የሚያየው አንደኛ የወጣችውን ነው። ዙር ቆጣሪን ማን ያያል? እኔም ሥራውን የወደድኩት ለዚሁ ነበር። ሰው ካየኝ እጄ ሳላዝዘው ወደ አፌ ይሄዳል።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የባኮዎቹ በአይሱዙ ተጭነው እየዘፈኑ አምቦ ገቡ፤ የጊንጪዎቹ በዝምታ። ሜዳችንን ሰባት ጊዜ ሲዞሩት ሦስት ሺህ ይሞላል። ቲቸር ደበላ ከኪሳቸው የተቆላ ባቄላ አውጥተው ሰባት ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። መሪዋ ባለፈች ቁጥር አንድ ትጥያለሽ፣ አንድ ብቻ ሲቀርሽ የመጨረሻው ዙር ነውና ደወሉን ትመቻለሽ አሉኝ። ደወሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ከሰዓታቸው አልነቀሉም።

ሩጫው እንደተጀመረ ተመልካቹ ወደቆምኩበት ተጠጋ። «ጀባዹ፣ በርቺ» የሚለው ሁሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ። አንድ ባቄላ ሲቀረኝ ቸርኬውን መታሁ። የባኮዋ ሌንሴ ተፈትልካ አንደኛ ወጣች። ቲቸር ደበላ ሰዓታቸውን አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሌንሴ ራሷ ገና ጉልበት አለኝ ብላ ነበር። ሰዉ ግን የባኮ በቆሎ ሥራ ነው አለ። የጊንጪ ሰዎች ሳይቀሩ ስንዴያቸውን ታዘቡት።

የገባችበት ሰዓት በዞኑ ስፖርት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ለሥልጠና ወደ ክልል የምትላከው የሌንሴን ሰዓት የደረሰችበት ብቻ ሆነች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲትም አልደረሰችበትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ስንት ማደር እንዳለበት ግን የሚናገር የለም።

ታላቅ እህቴ ጫልቱ ሁለት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥታ ሰዓቱ አልሞላ ብሏት ቀረች። የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻ ውድድሯ ነው፤ ከዚያ ዕድሜዋ ያልፋል። ትናንት ጫማዋን ለጎረቤት ልጅ ልትሰጥ በፌስታል ስትቋጥር አገኘኋት። ፊቷን ሳታዞር እንዲህ አለችኝ፦

«ሌንሴም ሰው፣ እኔም ሰው። ልዩነታችን ምንድን ነው፣ እህቴ?»

እጄ ወደ አፌ ሄደ።

ቲቸር፣ ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ደብተርዎ ላይ ልጻፈው፣ ከቅዳሜ በፊት ያንብቡት። ሌንሴ የሮጠችው ስድስት ዙር ነው። ልዩነታቸው አንድ ባቄላ ነው፤ እሱንም እኔ በልቼዋለሁ።