የእኔ ጭቃና ሦስተኛው በርሜል

በዚህ ዓለም ላይ ከክፉ ሰው ይልቅ ብዙ ዕቃ የሰበረው ደግ ሰው ነው። አትከራከሩኝ! ክፉ ሰው የሚሰብረውን መርጦ ይሰብራል፤ ሲጨርስም ይሄዳል። ደግ ሰው ግን «ላግዛችሁ» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያነካክትና ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ ቁጥብ ሴት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ከፍቼው ሳልዘጋው የሄድሁት ፋይል የለም። ክፍት ነገር አልወድም። ክፍት በር፣ ክፍት ድስት፣ ክፍት አፍ... ሁሉም ያስጨንቀኛል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት እናቴ ራሷ ያወጣችው እስኪመስለኝ ድረስ ስሰማው ነው ያደግሁት። በሙያም ቢሆን፣ ራሴን ማመስገን ይሆንብኛል እንጂ፣ የእኔ ጠላ ሠርግ ላይ ከቀረበ የሌላው ሰው ጋን ሳይነካ ያድራል። ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ጋኑን በጭቃ ግጥም አድርጎ መምረግ! አየር የገባው ጠላና ወሬ የገባው ትዳር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይሆመጥጣሉ።

የወንድሜ ልጅ ይበልጣል ከጣና አቅራቢያ፣ ሰባታሚት ላይ ወይን ተከለ። ጎረቤቱ ሁሉ ባሕር ዛፍና ጫት በሚተክልበት መሬት እሱ ወይን! አባቱ፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ቢያድግ፣ በየጧቱ አጥሩን ተደግፎ «ዛሬም ቅጠል ነው?» እያለ ይጠይቃል። ልጁ ግን ሙያውን ተምሮ የመጣ ነው። ራሱ ይተክላል፣ ራሱ ይጨምቃል፣ ራሱ በጠርሙስ ይሞላል። ያውም ሲከፈት «ቷ!» ብሎ አረፋ የሚያወጣውን ዓይነት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ጠርሙስ ሊገዛ አዲስ አበባ ሲሄድ የበርሜል ቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ።

«እትዬ፣ በሩን ብቻ ይዩልኝ። በርሜሎቹን ግን እንዳይነኩ።»

«እኔ ምን አግብቶኝ!» አልሁት።

ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ይሏችኋል እኔን ነው። በሁለተኛው ቀን ከፍቼ ገባሁ። አራት በርሜሎች ቆመዋል። አፋቸው ላይ ሻሽ ብቻ ጣል ተደርጎባቸዋል። ሻሽ! ጋን እንደ ወላድ በሻሽ ሲሸፈን አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ያገኘሁት በጠመኔ «3» የተጻፈበትን ነበር። ሻሹን አነሳሁ። ወይኑ ከአፉ አንድ ስንዝር ጎድሏል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ስስ ነጭ ነገር ለብሷል።

ሻግቷል! ምስኪን ልጅ... ተምሮ ተምሮ ክዳን ረስቶ ሄደ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁ። ነጩን ነገር በጭልፋ ገፍፌ ለዶሮዎቹ ጣልሁት። ጎደሎውን ጥግ ላይ ካለው ዳሚጃን፣ ከትልቁ የወይን ጠርሙስ፣ ሞላሁት። ከግቢው ቀይ አፈር ዝቄ፣ ከጭድ ጋር አቡክቼ፣ በርሜሉን እንደ እናቴ ጋን መረግሁት። እንዴት ያማረ ምርጊት መሰላችሁ! ወደ አራተኛው ስዞር የዕድር ጡሩንባ ተነፋ። እጄን ታጥቤ ወደ ለቅሶው ሄድሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዚያን ቀን ያረፉት ሰውዬ ሦስት በርሜል አድነው ነው የሄዱት።

ማምሻውን ይበልጣል ደወለ።

«እትዬ፣ ቤቱ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው። በርሜሎቹ ግን... አፋቸው ክፍት አይደለም እንዴ?»

«ሆን ብዬ ነው የተውሁት!» ደስታው በስልኩ ይፈስሳል። «ሌላው ወይን ሠሪ አየር እንዳይነካው ይለፋል፤ እኔ አየር እንዲነካው ነው የምፈልገው። ጣዕሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ሽፋን እርሾ ነው፤ እሱን ማንም ቢነካብኝ አለቀልኝ!»

«እህ» አልሁ።

በቃ፣ «እህ»። የመዝገብ ቤት ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ነው።

በማግሥቱ ጧት ምርጊቱን ፈቅፍቄ አነሳሁ፤ የጨመርሁትን መልሼ ቀዳሁ፤ በርሜሉን አጥቤ ሻሹን መለስሁ። ነጩን ሽፋን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስ? ዶሮዎቹ በልተውታል! ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ሠርገኛ ሲያዜሙ ነው የዋሉት።

ይበልጣል ሲመለስ በርሜሎቹን አንድ በአንድ አየ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ በትከሻው በኩል አነበብሁት። «ሦስተኛው በርሜል፦ ሽፋኑ ጠፍቷል። ምክንያቱ ያልታወቀ።» አያችሁ? በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ያልታወቀ ምክንያት ሆንሁ!

ሲጨንቀኝ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

«አባ፣ የሰው ወይን በጭቃ መረግሁ።»

ብዙ አሰቡ። «ልጄ፣ ይኼ ኃጢአት ነው ወይስ ሙያ?»

«እሱ ነው የጠፋኝ።»

«በይ እንግዲህ አርባ ስግደት ስገጂ። ለልጁም ንገሪው።»

ስግደቱን ጨርሻለሁ፤ ጉልበቴ ምስክር ነው። መንገሩን ግን ነገ ነገ ስል ወይኑ ጠርሙስ ገባ፣ አረፋ አበጀ፣ ዓመትም አለፈው።

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሄኖክ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው ለትልልቅ ሆቴሎች መጠጥ እየቀመሰ መግዛት ነው። አያ ቢያድግም የመጨረሻ ቃሉን ተናግሯል። «ይኼ ሰው ከወሰደው ወሰደው። ካልወሰደው ሰኞ ወይኑን ነቅዬ ባሕር ዛፍ ነው የምተክል!» መቆፈሪያው ከነእጀታው በር ላይ ተደግፏል። ይበልጣል ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም።

በዚያ ላይ መብራት ጠፋና ፍሪጁ ሞተ! ልጁ ከአራቱ በርሜሎች የተሞሉትን ጠርሙሶች በከረጢት አሥሮ ጣና ውስጥ፣ ደንገሉ ሥር ነከራቸው፤ እኛም እዚያው ዳር ዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ዘርግተን ተቀመጥን።

አንደኛው ተከፈተ። ቷ! ዳክዬዎቹ ሸሹ። ይበልጣል ለእንግዳው ጠብታ የምታህል ቀዳለት።

«ምነው ልጄ፣ አለቀብህ?» አለ አያ ቢያድግ። «እንግዳ ፊት አታሳፍረን፤ ሙላ እንጂ!»

«አባዬ፣ ለመቅመስ እኮ ነው።»

ሄኖክ አሸተተ፣ ጎንጨት አለ፣ በአፉ አንከባለለ... ባልዲ ውስጥ እንትፍ!

ወንድሜ ጎኔን ጎሸመኝ። «ተፋው! አየሽው? የልጄን ወይን ተፋው!»

«ዝም በል አያ፤ ሥራው ነው።»

«መትፋት ሥራ ሆኖ ደሞዝ ያስበላል?»

እኔስ? በዚህ ዕድሜዬ ወንዶች ፊት ልትፋ? ዋጥሁት እንጂ! አረፋው በአፍንጫዬ በኩል ተመልሶ መጣና እንደ ኮረዳ ኪኪኪ አልሁ። ወንድሜ በድንጋጤ ዞሮ አየኝ።

«እማማ፣ ለእርስዎ ምን ምን ይላል?» አለኝ ሄኖክ።

«የተላጠ ፖም ተረስቶ ሲያድር... የተቆላ ለውዝ... የአባቴ የመጻሕፍት ሣጥን።»

ልጁ ብዕሩን አውጥቶ ጻፈው! ሁለተኛው ተቀዳ። እሱ ተፋ፣ እኔ ዋጥሁ። «ይኼ ደግሞ የሰም ጧፍ አለበት» አልሁ ሳልጠየቅ። እሱንም ጻፈው። ጣና እንዲህ ሰማያዊ መሆኑን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ። ሳቄ ቀጥ አለ።

ሄኖክ ቀመሰ። ደገመ። ግንባሩን ቋጠረ። «ይኼኛው ንጹሕ ነው። ጨዋ ነው። ግን ምንም አይናገርም። አፉን የዘጋ ወይን ነው።»

«ወደ አክስቱ ሄዶ ነዋ!» አለ አያ ቢያድግ።

ህቅ አልሁ። ስቅታ ያዘኝ።

አራተኛውን ሲቀምስ ፊቱ በራ። ከዚያ ግን ወደ ይበልጣል ዞረ። «ሦስቱ ድንቅ ናቸው። ሦስተኛው በርሜል ምን ሆኖ ነው?»

ይበልጣል ያችን ደብተር ገለጠ። «ምክንያቱ... አልታወቀም።»

ሄኖክ የራሱን ደብተር ዘጋ። «ችግሩ እሱ ነው ወንድሜ። ምክንያቱን ካላወቅከው ለሚቀጥለው ዓመት አራቱም እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። ለሆቴል በግምት ልገዛለት አልችልም።»

አያ ቢያድግ ዱላውን አነሳ። «ሰኞ» አለ ቀስ ብሎ።

ይበልጣል ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረ፤ ሦስተኛውን ከሁሉም ይልቅ በቀስታ።

«ምክንያቱ እኔ ነኝ!»

ማን ነው የጮኸው ብዬ ዞር ዞር አልሁ። እኔው ነኝ ለካ! ቆሜአለሁ። ታንኳ ላይ የነበረው ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር መቅዘፉን አቆመ። አንዴ አፌ ከተከፈተ ምን ይመልሰዋል? ሻሹን፣ ጭልፋውን፣ ዶሮዎቹን፣ ጡሩንባውን፣ አርባውን ስግደት... በአንድ ትንፋሽ፣ በየመሃሉ ህቅ እያልሁ፣ ዘረገፍሁት።

ሄኖክ በድንጋጤ አንድ ጉንጭ ሙሉ አራተኛውን ጎረሰና፣ አፉ እንደሞላ በእጁ በርሜል የመምረግ ምልክት አሳየኝ። በጭቃ? ማለቱ ነው።

«ከጭድ ጋር» አልሁት። ሙያዬን በግማሽ አልናገርም።

ያን ጊዜ ሳቁ መጣበት። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ባልዲውን ቢፈልግ ራቀው፣ እና... ዋጥ!

«ዋጠው!» አለ አያ ቢያድግ ዱላውን ወርውሮ። «ዋጠው! ልጄ፣ ዋጠልህ!»

ሄኖክ ትንፋሹን ሲያገኝ አራቱንም እወስዳለሁ አለ። «ምክንያቱ ከታወቀ እኮ ችግር የለም። ሦስተኛውንም ከሌሎቹ ጎን አቀርበዋለሁ፤ አየርና ሽፋኑን ያጣ ወይን ምን እንደሚመስል ሰው ይቅመሰው።»

ይበልጣል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «እትዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ የምጠረጥረው ራሴን ነበር» አለኝ። ይህች ቃል ከአርባው ስግደት ይልቅ ጉልበቴን ያዘችኝ። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ «ያልታወቀ» የሚለውን ሠረዘና ከላዩ «እትዬ» ብሎ ጻፈ። ስሜ መዝገብ ላይ ሲሰፍር እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ መቆፈሪያው ድንች ለማውጣት ዋለ። አያ ቢያድግ አሁን አጥሩን ተደግፎ ለአላፊ አግዳሚው «ወይናችን» እያለ ያሳያል። እናቴ ነፍሷን ይማርና እውነቷን ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ግን አየርም አይገባም።

ይበልጣል ዛሬም አዲስ አበባ ሲሄድ ቁልፉን የሚሰጠው ለእኔ ነው። ሙሉ በሙሉ ያምነኛል። ግቢውን ግን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አስደርጎታል፤ ጭቃ የሚባል ነገር ለመድኃኒትም አይገኝም።