ባሕር ተሻግሮ ሃያ ደቂቃ

ርቀትን በኪሎ ሜትር የሚለካ ሰው ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም። እኛ አዲስ አበቤዎች ርቀት የምንለካው በትዕግሥት ነው። እኔ ራሴ ይህ የገባኝ ዘግይቶ፣ ለሽምግልና ተልኬ ነው።

የእህቴ ልጅ ዳዊት ከአገር ወጥቶ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የወደዳት ጫልቱ ደግሞ ማዶ ባለችው ደሴት ነርስ ነበረች። አባቷ ኦቦ ድሪባ፣ ድሮ እንጦጦ ሥር ያርሱ የነበሩ፣ አሁን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሱቅ ያላቸው ሰው፣ ሽማግሌ በላክን ቁጥር ይመልሱናል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፣ ባሕር የለያቸው ምን ባልና ሚስት ናቸው ይላሉ። ዳዊት ደውሎ፣ ጋሼ ዘንድሮም ካልተፈቀደልን ጫልቱ ተስፋ ትቆርጣለች አለኝ።

እኔም የዘመኑ ሽማግሌ ነኝና መገናኛ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የሁለቱን ደሴቶች አውሮፕላን ማረፊያ ፈለግሁ። በረራው ሃያ ደቂቃ ነው ይላል። ፕሪንት አስደርጌ ደረት ኪሴ ከተትኩት። እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘ ሽማግሌ ከእኔ በፊት የተላከ አይመስለኝም።

ከመገናኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለመድረስ ግን ማስረጃ አይሠራም። ያኔ መገናኛ ለባቡሩ ተቆፍራ ነበር፤ ልማት ነውና ማን ይከፋዋል? (ባቡሩ ዛሬ ይሄዳል፤ ፈረንሳይ ግን አይወጣም።) እኔና አብረውኝ የተላኩት ሽማግሌዎች ተሰልፈን፣ ታክሲው እስኪሞላ ጠብቀን፣ ዳገቱ ላይ ሲያቅተው ወርደን በእግራችን ወጥተን፣ ለጠዋት የተቀጠርን ሰዎች በምሳ ሰዓት ደረስን። እንደ ወጉ ቁጭ በሉ ሳንባል፣ ላባችንን እየጠረግን ወረቀቴን ዘረጋሁ።

ኦቦ ድሪባ አየት አደረጉትና፣ አውሮፕላኑስ እስኪሞላ ይጠብቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሰዓቱ ይነሣል አልኳቸው። ወያላስ አለው? የለውም። ይህን ሲሰሙ ልባቸው ራራ። ፈቀዱ፤ ግን ሃያ ደቂቃም ቢሆን ባሕር ባሕር ነው፣ ከሠርጉ በኋላ ሁለቱም አገራቸው ገብተው እዚሁ አጠገቤ ይኑሩ አሉ። እልል ተባለ። እኔማ የድሉ ባለቤት ነኝ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ተጋቡ፤ ፈረንሳይም ቤት ተከራዩ። ዳዊት ሥራ ያገኘው ቃሊቲ ነው። ጫልቱ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆነች። እሱ ሲገባ እሷ ወጥታለች፤ እሷ ስትገባ እሱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ደሴት ሳሉ እኮ ከሥራ ሲወጣ በርሮ ሄዶ እራት አብረው ይበሉ ነበር።

ባለፈው ጫልቱ ቤቴ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጋሼ፣ ባሌ ናፈቀኝ አለችኝ። ከልቤ አዘንኩ። አባቴን ይለምኑልንና ወደየደሴታችን እንመለስ አለች።

ይኸውና ዛሬ ጋቢዬን ደርቤ መገናኛ ሰልፍ ይዣለሁ። ትናንት ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ያልኩ ሰው፣ ዛሬ ባልና ሚስቱ እንዲገናኙ መካከላቸው ባሕር ይግባ ብዬ ልለምን ነው። ኦቦ ድሪባ እሺ እንደሚሉኝ አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ መድረሴ ነው።