ጨዋው ሳጥን

ላውጋችሁ፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ እንስሳት ሁሉ በየራሳቸው ቋንቋ ብቻ ይናገሩ ነበር። አህያ የዝሆንን አትሰማም፤ በግም የአህያን አይሰማም። ስብሰባ ሲኖር የምታግባባቸው የሁሉንም ቋንቋ የምታውቅ አንዲት በቀቀን ነበረች። እትዬ በቀቀን ይሏታል።

እትዬ በቀቀን ታዲያ የሰማችውን ሁሉ እንዳለ አታቀብልም። አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ ዝሆን ስለ ኩሬው ንጽሕና ማለዳ የጀመረውን ንግግር ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ቀጠለበት። አህያ ምርር ብሏት፣ «ይሄ ጆሮው ሰሌን የሚያህል ሽማግሌ ዛሬ ላይጨርስ ነው?» አለች።

«ምን አለች?» ሲል ዝሆን ጠየቀ።

«ንግግርዎ ጆሮ ገብ ነው ትላለች» አለች በቀቀን።

ዝሆን ደስ ብሎት ንግግሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አህያም በሰላም ወደ ቤቷ ገባች።

እንዲህ ሲኖሩ፣ ከተማ የኮሌጅ ጣሪያ ላይ የከረመ አንድ ዝንጀሮ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ራሱን ኢንጂነር ብሎ ነው የሚጠራው።

«ይህ አስተርጓሚ ሳጥን ነው» አለ ሸንጎው ፊት ቆሞ። «በፀሐይ ይሠራል፣ አይደክመውም፣ ጥሬ አይጠይቅም፣ አንዲት ቃል አያጎድልም። ዓለም የት ደርሷል፣ እናንተ ገና በወፍ ምላስ ታወራላችሁ!»

ይህን ለሁሉም የተረጎመችው በቀቀን ራሷ ነበረች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። ሸንጎው አጨበጨበ፤ እሷንም በዚያው ጭብጨባ ሸኛት። ሄዳ ዋርካው ላይ ሰፈረች።

በማግሥቱ ዝሆን ስለ ኩሬው ጀመረ። አህያም እንደ ልማዷ አጉረመረመች። ሳጥኑ «ጆሮው ሰሌን የሚያህል ሽማግሌ» የሚለውን ቃል በቃል አንበለበለው። የዝሆን ኩምቢ አየር ላይ ቀረ።

«እኔን ነው? አንቺ ከጭነት በቀር የማይገባሽ!» አለ። ሳጥኑ ይህንንም አደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። በሬ ፍየልን ለዓመታት ምን ይላት እንደነበር ታወቀ። ፍየልም የመለሰችው ታወቀ። ቋንቋቸው አንድ የሆነው ጥንቸልና ባሏ እንኳ ከጎረቤት ላለማነስ ሲሉ ተጣሉ።

«ይሄ ሳጥን ጨዋ ይሁን!» ብሎ ዝሆን ጮኸ።

«ቀላል ነው፤ አፕዴት አደርገዋለሁ» አለ ዝንጀሮ። የሳጥኑን ጀርባ ከፍቶ አንድ ሽቦ ነቀለ፣ ሌላ ሰካ።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ከማር የጣፈጠ ሆነ። ስድቡን ምርቃት፣ ማጉረምረሙን ምስጋና አደረገው። ጫካው በፍቅር ሰከረ። ዝንጀሮም ከኢንጂነርነት ወደ ዶክተርነት ራሱን አሳደገ።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ስብሰባው መሀል ዘው ብሎ ገባ። ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣ «ከመሀላችሁ የሰባው የቱ ነው? ርቦኛል» አለ።

ሳጥኑ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ! ከመሀላችሁ እጅግ የተከበረው ማነው? ላቅፈው ጓጉቻለሁ» ሲል ተረጎመ።

ሙክቱ በግ በዕድሜው የተከበርክ ያለው አልነበረም፤ በስብሰባ እንኳ ተራ ደርሶት አያውቅም። ልቡ ቅቤ ሆነ።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ወደ ፊት ወጣ።

በቀቀን ከዋርካው ላይ በበግ ቋንቋ፣ «ሩጥ አንተ ሞኝ! ሊበላህ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ሥራዋን ስላጣች እኮ ነው» አለ ሙክቱ፤ አንገቱንም ለመታቀፍ ዘረጋ።

ጅብ ዘለለ። ሙክቱ ያን ጊዜ ገባውና ዞረ፤ አንገቱ ተረፈ፣ ላቱ ግን ጅብ አፍ ውስጥ ቀረ። ዝሆን ደርሶ ጅብን በኩምቢው እስኪወረውረው ድረስ ላቱ ተውጦ አልቆ ነበር።

ሁሉም ሙክቱን ከበቡት። እሱ እያለቀሰ ወደ ዝንጀሮው ዞረ፤ «አንተም ሳጥንህም ገደል ግቡ! ላቴን መልስልኝ!» አለ።

ሳጥኑ በየቋንቋው፣ «ስለተደረገልኝ አቀባበል ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» ብሎ አሰማ። ሸንጎው አጨበጨበ። ዝንጀሮም እጅ ነሣ።

ዝሆን ግን የሙክቱን እንባ አይቶ ተጠራጠረና ወደ ዋርካው ቀና አለ።

«እትዬ በቀቀን፣ እባክዎን፤ እውነት እንዲህ ነው ያለው?»

በቀቀን ላባዋን አስተካከለች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣

«ሲስተም የለም» አለች።