ወይዘሮ ሸዋሉል፣ የኪንታሮት ታካሚዎች አምባሳደር

ታክሞ የዳነ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፈጣሪውን አመስግኖ ዝም ይላል፤ ሌላው የቀረውን የሰው ልጅ ሳያሳክም አያርፍም። ገና በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ መጥተው ዛሬ በአሶሳ ገበያ ለውዝ የሚቸረችሩት ክብርት ወይዘሮ ሸዋሉል ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ ያውም በማዕረግ። የታከሙት ኪንታሮታቸውን ነው። ሰው ለሐኪም እንኳ በሹክሹክታ የሚነግረውን ደዌ እርሳቸው ዋጋ በሚጠራ ነጋዴ ድምፅ ያውጁታል። “አይቆረጥም፤ ይታሰራል!” ይላሉ ለውዝ እየሰፈሩ። ገዢው ስለ ለውዙ የተነገረው ይመስለውና ግራ ይጋባል።

የባጃጅ ሾፌሩ ሀይደር ለወራት ደም እያየ ለእናቱ እንኳ አልተናገረም። ካንሰር ይሆን ብሎ ይፈራል፤ ሐኪም ቤት ሲያስብ ደግሞ ቢላዋ ይታየዋል። በመጨረሻም ከአንድ ሻጭ የሚያቃጥል ዱቄት ገዝቶ ሊቀባ ወሰነ። በዚያው ዕለት ወይዘሮ ሸዋሉል ከነማዳበሪያቸው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

“አንተዋ፣ በአንድ ጎንህ የምትነዳው ምነው?”

“ወንበሩ ተቀዶ ነው፣ እማማ።”

“ወንበሩስ ደህና ነው። ደም አለው?”

መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። እናት ያላወቀችውን ምሥጢር እኚህ ሴት ከኋላ ሆነው በጀርባው አነበቡት!

“ወላሂ እማማ፣ ቀስ በሉ፤ ሰው ይሰማል።”

“ባጃጅህ ከእኔ በላይ ይጮሃል፤ ማን ይሰማናል? ይልቅ አድምጥ። መጀመሪያ ሐኪሙ ይመረምርሃል፤ ደም ሁሉ የኪንታሮት አይደለማ! ኪንታሮት ከሆነ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት በመሣሪያ ከሥሩ ያጠልቅበታል። ደም ሲያጣ ይደርቃል፤ በሳምንት ገደማ ራሱ ይወድቃል፤ ልብም አትለው።”

“አያምም?”

“ይከብድሃል። ሽንት ቤት ና ና ይልሃል፤ ብትሄድ ምንም የለም። እንዳታምጥ! እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ከተሰማህ እዚያው ንገረው፤ ቀለበቱን ያስተካክለዋል። ቤት ገብተህ ደም ከበዛ፣ ትኩሳት ከያዘህ ወይ ሽንት እምቢ ካለህ ተመልሰህ ሩጥ።”

“ምግብስ?”

“የእናትህ የማሽላ ገንፎና ባሚያ እያለ እኔን ትጠይቀኛለህ? ውሃ ጠጣ። የሰው ማዳበሪያም አትሸከም።”

ይህን ብለው ማዳበሪያቸውን ራሳቸው አወረዱ። ያወረዱት ግን ገበያ ሳይሆን፣ ‘በዚህ ታጠፍ’ እያሉ ባስነዱት ክሊኒክ በር ላይ ነበር። ሀይደርን ወደ ውስጥ ልከው፣ በማዳበሪያው ላይ ተቀምጠው እስኪወጣ ጠበቁት።

ሐኪሙ መርምሮ ኪንታሮት እንጂ ሌላ ክፉ ነገር እንዳላገኘበት ነገረው። ማሰሩ ሻይ ታዝዞ እስኪመጣ ባለው ጊዜ አለቀ። ክብደቱም፣ ያ የውሸት ጥሪም እርሳቸው በተነበዩት ተራ ተከታትለው መጡ። ሀይደርን እንዲህ ያለ እውቀት በለውዝ ቁና ላይ ተቀምጦ መኖሩ አስደነቀው።

ማግስቱን ታሟል ተብሎ ግቢው በጠያቂ ሞላ። አምባሳደሯም ለውዝ ይዘው ከች አሉ። ሀይደር በጎኑ እንደተኛ ዓይኑን ጨፈነ፤ ‘አለቀልኝ’ አለ በልቡ።

“ለመሆኑ ልጁን ምን አገኘው?” አለች ጎረቤቲቱ በቀለች።

ወይዘሮ ሸዋሉል ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ወባ ነው።”

“ወባ በጎን ያስተኛል እንዴ?”

“የዘንድሮው ያስተኛል!”

ሀይደር ሳቁ እንዳይታይበት ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ከእናቱ ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚወዳቸው ሰው እኚህ ሴት እንደሆኑም እዚያው ውስጥ ሆኖ ወሰነ።